በርሜሉና ጭስ ማውጫው፦ በደጋ ለሚሠራ የጫጩት ቤት የማገዶ ማሞቂያ ልክ አወሳሰን

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በደብረ ብርሃንና በመሰል ደጋ አካባቢዎች የጫጩት ቤትን ለማሞቅ ከአሮጌ በርሜል የሚሠራ የማገዶ ምድጃ ልኩ በምን መሠረት ሊወሰን እንደሚገባ ይመረምራል። 12 ካሬ ሜትር ወለል ያለው የጭቃ ቤት ለስሌት ተወስዷል። ስሌቱ እንደሚያሳየው፣ የምድጃው መጠን መነሣት ያለበት በእጅ ከተገኘው በርሜል ሳይሆን ቤቱ በሰዓት ከሚያጣው ሙቀት ነው። ትልቅ በርሜል ሲታፈን ጢሱና መርዙ ይበዛል። በባሕር ጠለል ደረጃ የሚበቃ ጭስ ማውጫም 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ አቅሙ በሦስት አሥረኛ ገደማ ይቀንሳል፤ ጉድለቱም የሚስተካከለው ቱቦውን በማስረዘም ሳይሆን በጥቂቱ በማስፋት ነው።

መግቢያ

ከእንቁላል ከወጣ አንድ ቀን የሆነው ጫጩት የራሱን የሰውነት ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት በሚያርፍበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይሻል፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ዲግሪ እየተቀነሰለት ላባ እስኪያወጣ ይቆያል። ቢሾፍቱ አካባቢ ተፈልፍሎ በካርቶን ተጭኖ ደብረ ብርሃን የሚደርስ ጫጩት 900 ሜትር ገደማ ሽቅብ ወጥቷል ማለት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቶች ውጭው ውርጭ በሚጥልበት ደጋ፣ አርቢው የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህን ቤት እስኪነጋ በምን ላሙቀው?

ለጥቂት አሥር ጫጩቶች የሣር ሳጥን ማቀፊያ ይበቃል፤ ያለ ማገዶና ያለ መብራት የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ጫጩቶቹ መቶዎች ሲሆኑ ግን ቤቱ ራሱ መሞቅ አለበት። የኤሌክትሪክ አምፖል መብራት በማይጠፋበት ሌሊት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን አርቢው እጁ የሚገባውን ያነሣል። እጁ የሚገባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የከሰል ማንደጃ ነው።

በአገራችን የተሻሻሉ ምድጃዎች ጥናት ትኩረቱ ማብሰያ ላይ ሆኖ ቆይቷል። «ላቀች» የከሰል ምድጃና «ምርት» የእንጀራ ምድጃ ማገዶ በመቆጠብ ረገድ የሚታወቁ ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም ቤት ለማሞቅ የተሠሩ አይደሉም። የማብሰያ ምድጃ ሙቀቱን ወደ ምጣዱ ወይም ወደ ድስቱ ይልካል፤ ማሞቂያ ግን ሙቀቱን ለቤቱ ሰጥቶ ጢሱን ለሰማይ መስጠት አለበት። በያጁ ከዚህ ልዩነት ጋር የሚተዋወቀው አንድ ሰው በርሜል ይዞለት ሲመጣ ነው።

ቤቱ የሚያጣው ሙቀት

ለስሌት የተወሰደው ቤት 4 ሜትር በ3 ሜትር ሲሆን የግድግዳው ቁመት 2.2 ሜትር ነው። ግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ምርጊት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ በእንጨት ላይ የተመታ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ 25 ዲግሪ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሙቀት በምድጃው ዙሪያ በሚገኘው ማቀፊያ ብቻ የሚገኝ ነው። ውጭው 5 ዲግሪ ነው ይባል። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ይሆናል።

ቆርቆሮ ነፋስና ዝናብ ይከለክላል እንጂ ሙቀት አይከለክልም። ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ ሙቀትን የሚያዘገየው ከላይና ከታች የተጠጋው ስስ የአየር ሽፋን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ዲግሪ ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 7 ዋት ገደማ ያሳልፋል፤ የጭቃው ግድግዳ 2.6 ዋት ገደማ ያሳልፋል። የጣሪያው ስፋት 13 ካሬ ሜትር ቢሆን በየዲግሪው 91 ዋት በጣሪያ፣ 76 ዋት በግድግዳ፣ 10 ዋት በበር ይወጣል። የቤቱ አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ ቢለወጥ ደግሞ 13 ዋት ይጨመራል። ድምሩ በየዲግሪው 190 ዋት፣ ለ20 ዲግሪ 3.8 ኪሎ ዋት ነው።

ከዚህ ግማሽ የሚጠጋው በጣሪያ የሚወጣ ነው። ስለዚህ የማሞቂያው የመጀመሪያ አካል ኮርኒስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። 5 ሴንቲ ሜትር ጭድ በቀርከሃ ወይም በቀጭን እንጨት ርብራብ ላይ ተነጥፎ ከሥሩ በጭቃ ቢለሰን፣ በጣሪያ የሚወጣው 91 ዋት ወደ 14 ዋት ይወርዳል። ጠቅላላው በየዲግሪው 113 ዋት፣ ለ20 ዲግሪ 2.3 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በዚህ በ2.3 ኪሎ ዋት ላይ የቆመ ነው።

ይህን ወደ ማገዶ መለወጥ ቀላል ነው። ተፈልጦ በጥላ በደንብ የደረቀ፣ የውሃ መጠኑ ከክብደቱ 20 በመቶ የሆነ እንጨት በኪሎ ግራም 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ምድጃው የዚህን ግማሽ ለቤቱ ቢያስቀርና ግማሹ በጭስ ማውጫ ቢሄድ፣ ኮርኒስ ያለው ቤት በሰዓት 1.15 ኪሎ ግራም፣ በ12 ሰዓት ሌሊት 14 ኪሎ ግራም ገደማ ይፈልጋል። ኮርኒስ የሌለው ቤት 23 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ከዛፉ እንደተቆረጠ የሚነድ፣ ግማሽ ክብደቱ ውሃ የሆነ ባሕር ዛፍ በኪሎ ግራም የሚሰጠው 2.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። እርጥብ ማገዶ የሚያነድ ሰው ኮርኒስ ሠርቶ ያተረፈውን በሙሉ በውሃ ማፍላት ያጠፋዋል ማለት ነው።

ከሰል ያለ ጭስ ማውጫ

የከሰል ማንደጃ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጢሱ አይታይም፤ ሙቀቱም በሙሉ እቤት ይቀራል። በኪሎ ግራም 30 ሜጋ ጁል በሚሰጥ ከሰል 2.3 ኪሎ ዋት ለማግኘት በሰዓት 280 ግራም ብቻ ይበቃል። አርቢው በርካሽ የሚያሞቅ ነገር አገኘሁ ብሎ ቢያስብ ሒሳቡ አላሳሳተውም። ያሳሳተው የማይታየው ክፍል ነው።

ከሰል ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍተኛ ነው፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 200 ግራም ቢወሰድ ከተለመደው አይርቅም። በሰዓት 280 ግራም ከሰል 56 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። የቤቱ አየር በሰዓት ሁለት ጊዜ ቢለወጥ የሚገባው ንጹሕ አየር 53 ሜትር ኩብ ነው። ሁለቱ ሲካፈሉ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር አንድ ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለቤት ውስጥ አየር ያስቀመጠው የአንድ ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 35 ሚሊ ግራም ነው። ልዩነቱ 30 እጥፍ ነው። በዚህ መጠን የተኛ ሰው በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ላይነቃ ይችላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። የደምን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይይዛል። በደጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ 2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት 72 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ይኸውም በባሕር ጠለል ካለው 71 በመቶ ነው። ሰውነት የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ የተቀነሰ ነው። ብርዱን ለመከላከል ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ሲደፈን አየሩ በሰዓት ሁለት ጊዜ ሳይሆን አንድ ጊዜም ላይለወጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከላይ ያለው አኃዝ እጥፍ ይሆናል። ጫጩቶቹን ሲጠብቅ እዚያው የሚያድረው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ወጣት ወይም ተቀጣሪ ልጅ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ከሰል ወይስ እንጨት የሚል አይደለም። ጭስ ማውጫ ያለው ወይስ የሌለው የሚል ነው። እንጨት የሚመረጠው ጭስ ማውጫ ላለው ምድጃ ተስማሚ፣ በአካባቢው የሚገኝና ወደ ከሰል ሲለወጥ የሚባክነውን ኃይል የማያባክን በመሆኑ ነው።

የበርሜሉ መጠን

በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በክፍለ ሀገር ከተሞች በቀላሉ የሚገኘው ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ነው። ዲያሜትሩ 58፣ ቁመቱ 88 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የገጹ ጠቅላላ ስፋት 2.1 ካሬ ሜትር ይሆናል። በያጆች ይህን የሚመርጡት ስለሚገኝ ነው፤ ገዢውም ትልቅ ስለሆነ ብዙ ያሞቃል ብሎ ይቀበላል።

የጋለ ብረት ሙቀቱን የሚሰጠው በጨረርና አጠገቡ ያለውን አየር በማሞቅ ነው። የበርሜሉ ገጽ 250 ዲግሪ ቢደርስ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወጣል፤ ከ200 ሊትሩ በርሜል በሙሉ 10 ኪሎ ዋት ይሆናል። ይህ ቤቱ ከሚፈልገው አራት እጥፍ በላይ ነው። ጫጩቶቹ ያለከልካሉ፣ ከምድጃው ሸሽተው ግድግዳ ጥግ ይከማቻሉ፤ ጠባቂውም የአየሩን በር ይዘጋል። 2.3 ኪሎ ዋት ብቻ እንዲሰጥ ከተፈለገ የበርሜሉ ገጽ 105 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። በዚህ ሙቀት ውስጡ ያለው እሳት ነበልባል የለውም፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

የታፈነ እሳት ሦስት ነገር ያመጣል። ከእንጨቱ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ ሳይቃጠል ይሄዳል፤ ስለዚህ ማገዶ ይባክናል። ጋዙ በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ሬንጅ የመሰለ ጥቁር ዝልግልግ ሆኖ ይለጠፋል፤ ይህ ተጠራቅሞ አንድ ቀን እሳቱ ሲበረታ ራሱ ቱቦው ውስጥ ይቀጣጠላል። ሦስተኛውና ዋናው፣ የቀዘቀዘ ጭስ ወደ ላይ ለመውጣት ኃይል የለውም፤ ነፋስ ሲነፍስ ተመልሶ ወደ ቤት ይገባል። ያኔ የበርሜሉ ምድጃ ከማንደጃው የሚለየው በዋጋው ብቻ ይሆናል።

ባለ 60 ሊትር የብረት በርሜል ዲያሜትሩ 38፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የገጹ ስፋት ከአንድ ካሬ ሜትር ጥቂት ያንሳል። ተመሳሳዩን 2.3 ኪሎ ዋት ለመስጠት ገጹ 170 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ሙቀት ነበልባል ሊኖር ይችላል። ትንሹ በርሜል ለዚህ ቤት የሚሻለው በቁጠባ ምክንያት ሳይሆን እሳቱ እንዳይታፈን በማድረጉ ነው። 200 ሊትሩ ብቻ ከተገኘ ቁመቱን ግማሽ አድርጎ ቆርጦ መበየድ ወይም ውስጡን በሸክላ ጡብ መለበጥ ይቻላል።

ጭስ ማውጫው

ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1744 ስለ ፔንሲልቬኒያ ምድጃው ጽሑፍ ሲያሳትም አብዛኛው ሐሳቡ ሙቀትን ከጢሱ አሟጦ ለቤት ማስቀረት ነበር። ጢሱ መጀመሪያ ወደ ታች ወርዶ ከወለል በታች አልፎ ከዚያ ወደ ጭስ ማውጫው እንዲወጣ አደረገው። ምድጃው ግን በሚገባ አልሳበም፤ በኋላ የመጡ ሠሪዎች ያንን ቁልቁል መንገድ አስቀሩት። ፍራንክሊን የሳተው ነገር የአካባቢ በያጆችም የሚስቱት ነው፤ ሐሳብ ሁሉ በሳጥኑ ላይ ይውላል፣ ቱቦው በኋላ የሚቀጠል ነገር ይሆናል። በእርግጥ ግን ምድጃውን የሚያሠራው ቱቦው ነው።

ጭስ ማውጫ የሚስበው በውስጡ ያለው የሞቀ ጋዝ ከውጭው አየር ስለሚቀል ነው። የመሳቡ ግፊት ከቱቦው ቁመትና ከሁለቱ እፍጋት ልዩነት ጋር ይመጣጠናል። ውጭው 5 ዲግሪ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ በአማካይ 200 ዲግሪ፣ የቱቦው ቁመት 3 ሜትር ቢሆን፣ በባሕር ጠለል የውጭው አየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.27 ኪሎ ግራም፣ የጋዙ 0.75 ነው። የመሳቡ ግፊት 15.4 ፓስካል ይሆናል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ሁለቱም ይሳሳሉ፤ 0.90 እና 0.53 ይሆናሉ፤ ግፊቱም 10.9 ፓስካል ነው።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚሳቱት ነገር አለ። ግፊቱ በ29 በመቶ ስለቀነሰ ቁመቱን ከ3 ሜትር ወደ 4.2 ሜትር ማስረዘም ጉድለቱን የሚሞላ ይመስላል። ግፊቱን ይሞላል፤ እሳቱ የሚበላው ግን ግፊት ሳይሆን ኦክስጅን ነው፣ ይኸውም የአየር ክብደት። በደጋው ጋዙ ራሱ ስለሳሳ በቱቦው ውስጥ የሚወጣበት ፍጥነት በባሕር ጠለል ካለው ጋር እኩል ነው፤ በሁለቱም ቦታ በሰበቃና በክርኖች ምክንያት የሚጠፋውን ግማሽ ያህል ቀንሰን ብንወስድ በሰከንድ 3.2 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እኩል፣ እፍጋቱ ግን 71 በመቶ ከሆነ፣ በሰዓት የሚያልፈው ክብደት 71 በመቶ ብቻ ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ በባሕር ጠለል 68 ኪሎ ግራም፣ በደብረ ብርሃን 48 ኪሎ ግራም ጋዝ በሰዓት ያልፋል።

ፍጥነት ከቁመት ጋር የሚያድገው በስኩዌር ሩት ነው። ስለዚህ በማስረዘም ብቻ ወደ 68 ኪሎ ግራም ለመመለስ 3 ሜትሩን ቱቦ ወደ 6 ሜትር ማድረስ ያስፈልጋል፤ 4.2 ሜትር አይበቃም። በዚያ ቁመት ላይ ቱቦው በነፋስ ይናወጣል፣ ጋዙም ከመውጣቱ በፊት ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ በተግባር 6 ሜትሩም ላይበቃ ይችላል። በማስፋት ግን ከ100 ሚሊ ሜትር ወደ 120 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻ አቅሙን 69 ኪሎ ግራም ያደርሰዋል። በላሜራ ሲለካ ይህ ከመጀመሪያው አንድ አምስተኛ ተጨማሪ ነው፤ 6 ሜትሩ ቱቦ ግን እጥፍ ላሜራ ይፈልጋል።

48 ኪሎ ግራም ለምን እንደማይበቃ የሚገባው ምድጃው የሚነድበትን ሁኔታ ስናይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ፍልጥ በደንብ እንዲነድ 10 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። በአማካይ 1.15 ኪሎ ግራም በሰዓት ለሚያነድ ምድጃ 12 ኪሎ ግራም አየር በቂ ነው፤ ጠባቡም ቱቦ ያንን በቀላሉ ያሳልፋል። ነገር ግን እሳት በአማካይ አይነድም። ፍልጥ ተጨምሮ ሲያያዝ ለአንድ ሰዓት ያህል ፍጥነቱ በሰዓት 4 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ያኔ አየሩና ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ አንድ ላይ 44 ኪሎ ግራም ይሆናሉ። ይህ የጠባቡ ቱቦ ወሰን አፋፍ ነው። ጥቂት ጥቀርሻ፣ አንድ ተጨማሪ ክርን ወይም ከላይ የሚመጣ ነፋስ ካለ ትርፉ በምድጃው በር በኩል ወደ ቤት ይወጣል። አዳማ ላይ ያለ ችግር የሚሠራ ምድጃ ደብረ ብርሃን ላይ ፍልጥ በተጨመረ ቁጥር የሚያጨስበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ሌሊቱና ድንጋዩ

ትንሽ በርሜል አንድ ጉድለት አለው፤ ማገዶ ቶሎ ይጨርሳል። በየሰዓቱ ፍልጥ የሚጨምር ጠባቂ ደግሞ እስከ ሦስተኛው ሌሊት አይዘልቅም፤ በአራተኛው በርሜሉን ሞልቶ አፍኖት ይተኛል። የምድጃው ንድፍ ይህን ቀድሞ ማሰብ አለበት።

መፍትሔው እሳቱን ሳይሆን ሙቀቱን ማቆየት ነው። በሩሲያና በሰሜን አውሮፓ የሚታወቁት ግዙፍ የጡብ ምድጃዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ይነድዳል፣ ለረጅም ጊዜ ጡቡ ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ጡብ ውድ ቢሆንም ድንጋይ ሞልቷል። በበርሜሉ ሦስት ጎኖችና ከላይ 400 ኪሎ ግራም ድንጋይ በጭቃ ቢካብ፣ ድንጋዩም በአማካይ 80 ዲግሪ ቢሞቅ የሚያከማቸው 7.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

4 ኪሎ ግራም ደረቅ ፍልጥ በአንድ ሰዓት ቢነድ ለቤቱ የሚያስቀረው 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከዚህ 2.3 ወዲያው ለቤቱ ይውላል፤ ቀሪው 5.7 ድንጋዩ ውስጥ ይገባል፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ሰዓት ተኩልም ይለቀቃል። ስለዚህ አንድ ጭነት ለሦስት ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል፤ አራት ጊዜ ሲነድ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያደርሳል። ጠባቂው ከተኛ በኋላ የሚነሣው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። እሳቱ በነደደ ቁጥር ክፍት አየር አግኝቶ በነበልባል ስለሚነድ የታፈነ ሌሊት የለም።

የአሠራሩ ዝርዝር

አሮጌ በርሜል ሲቆረጥ የሚደርሰው አደጋ በምድጃው ከሚደርሰው አያንስም። ነዳጅ ወይም ማቅለሚያ የነበረበት ባዶ በርሜል ውስጡ ተን ይዞ ይቀራል፤ ግራይንደር ሲያርፍበት እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ክዳኑ ሁሉ ተከፍቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ እስከ መቁረጫው መስመር ድረስ ውሃ ተሞልቶ መቆረጥ አለበት። ፀረ ተባይ የነበረበት በርሜል ጨርሶ አይወሰድም።

በርሜሉ በአግድም በአራት እግሮች ላይ ይቀመጣል። የላሜራው ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ ፍም በቀጥታ ካረፈበት በአጭር ጊዜ ይበሳል፤ ስለዚህ ከታች 6 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ይሰፈርበታል፤ አመዱም ሙሉ በሙሉ አይጠረግም። በሩ በማጠፊያ የሚያያዝ ሲሆን የአየሩ መግቢያ በበሩ ታችኛ ክፍል የተበሱ ባለ 5 ሴንቲ ሜትር ሁለት ቀዳዳዎች ናቸው። መዝጊያቸው ተንሸራታች ላሜራ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ግማሽ ላይ እንዲቆም ብረት ይበየድበታል፤ ምንም ቢደረግ ጨርሶ አይዘጋም። ከቱቦው ውስጥ መዝጊያ ማስገባት ለዚህ ቤት አያስፈልግም። የሚዘጋ ነገር ካለ በውርጭ ሌሊት አንድ ሰው መዝጋቱ አይቀርም።

ለቱቦው ዚንክ የተቀባ ላሜራ በርካሽ ይገኛል፤ ሆኖም ዚንክ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሲበየድም ጢሱ በያጁን ትኩሳት ያስይዛል። ከበርሜሉ አጠገብ ያለው የመጀመሪያው ሜትር ጥቁር ላሜራ መሆን ይገባዋል። የቱቦዎቹ መጋጠሚያ የላይኛው በታችኛው ውስጥ እንዲገባ ይደረጋል፤ ተቃራኒው ሲሆን ዝልግልጉ በመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይፈስሳል።

ርቀትን በተመለከተ የሰሜን አሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ ያልተፈተሸ ምድጃ ከሚቀጣጠል ነገር 91 ሴንቲ ሜትር፣ ነጠላ ቱቦ ደግሞ 46 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ይጠይቃል። በ12 ካሬ ሜትር ቤት ይህ ብዙ ቦታ ነው፤ የጭቃው ግድግዳና የድንጋዩ ካብ ስለማይቀጣጠሉ ግን አስጊው ጉዝጓዙና ጣሪያው ናቸው። ጉዝጓዙ በሽቦ አጥር ከምድጃው በር ፊት ይገታል። ቱቦው የሚያልፍበት የኮርኒሱ ክፍል ጭዱ በሙሉ ተነሥቶ በሰፊ ላሜራ ይተካል፤ የጣሪያው ሞራል ቱቦው አጠገብ ካለ ይቆረጥና ወደ ጎን ይዛወራል። ለጭቃ ኮርኒስ ሲባል ጭድ ማንጠፍና በመካከሉ የጋለ ቱቦ ማሳለፍ አብረው የሚሄዱ አይመስሉም፤ የሚያስማማቸው ይህ ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ የሚዘለለውም እሱ ነው።

የቱቦው ጫፍ ቢያንስ ከሚያልፍበት ጣሪያ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ነፋሱ ጢሱን ወደ ታች ይገፋዋል። ለምድጃው የሚገባው አየር ከበርሜሉ ሥር በግድግዳው ግርጌ በሚተው አንድ ቀዳዳ ይምጣ፤ ይህ ቀዳዳ በጨርቅ እንዳይደፈን በሽቦ ወንፊት ይሸፈናል።

አዲሱ ምድጃ የመጀመሪያው እሳት የሚነድበት ውጭ ሜዳ ላይ ነው፤ የበርሜሉ ቀለም እየተቃጠለ የሚያወጣው ጢስ ለሰውም ለጫጩትም አይበጅም። ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ይነድዳል፤ የድንጋዩ ጭቃ የሚደርቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ በየሳምንቱ ቱቦውን በዱላ እየመቱ ጥቀርሻውን ማራገፍ ነው። በ120 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ጥቀርሻ ሲደርብ ቱቦው ተመልሶ 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል።